ዓሣው ወዴት ሄደ?

ተፍኪን የሚያውቅ ሰው ስለ ዓሣ የሚነገር ትምህርት ከተፍኪ ይመጣል ብሎ አይጠብቅም። ከተማችን በጅማ መንገድ ከሰበታ ወዲያ በሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የምትታወቀውም በጤፏና በሽምብራዋ፥ በክረምት ደግሞ በጭቃዋ ነው። ዳሩ ግን ክረምት በገባ ጊዜ አዋሽ ሞልቶ በሜዳው ላይ ይተኛል፤ በመኪና የሚያልፍ መንገደኛም በግራና በቀኝ የሚያየው ሐይቅ እንጂ እርሻ አይመስለውም። ወፎቹ ራሳቸው ሐይቅ ነው ብለው ይመጣሉ። ከውኃው ጋርም ዓሣ ይመጣል። በኦሮምኛ ቁርጡሚ የሚባለው ይህ ፍጥረት በየቦዩና በየጉድጓዱ በገባ ጊዜ የሰፈር ልጆች ሁሉ ሥራ ያገኛሉ።

እኔም ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ። 9ኛ ክፍልን በጨረስሁበት ክረምት፥ በሐምሌ ወር፥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ያረጀ የመስኮት መጋረጃ ከቤት ወሰድሁ። ጫፍና ጫፉን በዱላ አሥረን በአንዲት ጠባብ ቦይ ላይ ዘረጋነው። ዓሣዎቹ ከአዋሽ በኩል ውኃው ወደሚመነጭበት ወደ ላይ፥ ጎርፉን እየታገሉ ይመጡ ነበር። ወደ ታች የሚሄድ አንድም አላየንም። በአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ባልዲ ሙሉ ያዝን፤ ትልቁም ከመዳፌ አይበልጥም ነበር። እናቴ ባልዲውን አይታ «ይኼን አጥንት ማን ይበላዋል?» ብላ እኩሌታውን ለድመት ሰጠችው። እኛ ግን ስለ ብዛቱ ኰርተን የቀረውን በጣሳ አድርገን ክረምቱን እዚሁ ከተማ ወደሚያሳልፉት የባዮሎጂ መምህራችን ቤት ወሰድነው።

መምህራችን አላመሰገኑንም፤ አልተቈጡንምም። ምላጭ አምጥተው የዓሣዎቹን ሆድ አንድ በአንድ ይከፍቱ ጀመር። በውስጡ እንደ ጤፍ የደቀቀ ብጫ ፍሬ ተጠቅጥቆ አገኘን። ከአሥሩ ስምንቱ እንደዚሁ ነበሩ። «ስንት ዓሣ ያዛችሁ?» ብለው ጠየቁን። አንዱ ጓደኛዬ «አንድ ባልዲ» ብሎ መለሰ። መምህራችንም የአንዲቱን ዓሣ ፍሬ በወረቀት ላይ አፍስሰው «እስቲ ይኼን ቍጠሩና እንደገና መልሱልኝ» አሉን። ከመቶ በላይ ስንቈጥር ዓይናችን ደከመና ተውነው። ከዚያም ሌላ ጥያቄ ጨመሩ። «በየካቲት ወር በዚያው ቦይ ይኼን ያህል ዓሣ ትይዛላችሁ?» በየካቲት ቦዩ ደረቅ ነው ብለን ሣቅን። «እንግዲያስ ዓሣው ብዙ ሆኖ ነው የያዛችሁት፥ ወይስ ጥቂቱ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አገኛችሁት?»

በዚያን ቀን መልሱን አላወቅሁትም፤ ጥያቄውንም ረሳሁት። ያስታወሰኝ ባለፈው ጥር ለእኅቴ ሠርግ ከባሕር ዳር የመጡት የእናቴ ወንድም ናቸው። አጎቴ በጣና ሐይቅ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በሠርጉ ማግሥት ቡና ሲጠጡ፥

«አጎቴ፥ ዘንድሮ ዓሣው እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፥

«ሄደ» አሉኝ።

«ወዴት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ? ወደ ጥልቁ ገባ የሚሉ አሉ፤ እምቦጩ አባረረው የሚሉም አሉ። ድሮ በአንድ ሌሊት የምይዘውን ዛሬ በሳምንት አልይዘውም። የመረቡ ዕዳ ግን አልሄደም፥ ልጄ፤ እሱ እቤት ተቀምጧል።»

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለአጎቴ መልስ ለመፈለግ ነው። ባለፈው ዓመት እትም ስለ ባሕር ዛፍ የጻፈው ጓደኛችን ዛፉን ከደጁ ወጥቶ መለካት ይችል ነበር፤ ዓሣ ግን ከውኃ በታች ነውና እኔ ሊቃውንት ለክተው ያገኙትን ከማንበብ በቀር አልቻልሁም። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሰፋው ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ የሚገባውን ያህል አይደለም፤ ከሁሉ የጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «ወደ ጥልቁ ገባ» የሚለውን ምክንያት ከመጀመሪያው መተው ይገባናል፤ የሚገባበት ጥልቅ የለምና። ወደ ሌላ አገር ሄደ እንዳንልም መንገዱ አይመችም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቍልቍል ይወድቃል። ከላይ የወደቀ ዓሣ ተመልሶ አይወጣም፤ ከታች ያለውም ወደ ላይ አይመጣም። በዚህ ምክንያት የጣና ዓሣዎች ብዙ ሺሕ ዘመን ከናይል ዓሣዎች ተለይተው ለብቻቸው ሲዋለዱ ኖረዋል።

ከዚህ መለየት የተነሣ በጣና የተፈጠረው ነገር የዓለምን ሊቃውንት ያስደነቀ ነው። ባርበስ የሚባል የዓሣ ዘር አለ፤ ስሙ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሆኖ ጢም ማለት ነው፤ በአፉ ዳርና ዳር አጫጭር ጢም የሚመስል ነገር ስላለው እንዲህ ተባለ። ይህ ዘር በጣና ውስጥ ወደ 15 ያህል፥ እንደ አንዳንዶቹ ሊቃውንት አቈጣጠር ደግሞ ወደ 17 ዓይነት ተከፋፍሏል፤ አብዛኞቹም በሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው። አንዱ አፉ ሰፊ፥ አንዱ ከንፈሩ ወፍራም፥ አንዱ ጀርባው ጕብጥ ነው። ከነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ ይበላሉ። የዚህ ቤተሰብ ዓሣዎች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና አዳኝ ሆነው መገኘታቸው እንግዳ ነገር ነው። ይህን የሚመስል የዓሣ ማኅበር በፊሊፒን አገር ላናኦ በሚባል ሐይቅ ነበር። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሣዎችና ከመጠን ያለፈ ማጥመድ አጠፉትና በ2020 ከ17ቱ ዓይነቶች 15ቱ ከምድር መጥፋታቸው በይፋ ተነገረ። እንግዲህ የኛው ቀርቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ መረቡ እንምጣ። ከጥንት ጀምሮ በጣና ዳር የሚኖሩ ሰዎች፥ ይልቁንም ወይጦዎች፥ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ከዳር ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። ታንኳዋ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውኃ ትጠጣለች፤ ነፋስ ሲነሣም ወደ መካከል መግባት ያስፈራል። ስለዚህ ለዓሣው ሰፊው የሐይቁ መካከል መሸሸጊያው ነበር። ማንም ሕግ ሳያወጣለት ታንኳዋ ራሷ ሕግ ነበረች። በ1986 ግን በውጭ ርዳታ በተጀመረ የልማት ሥራ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ወደ ሐይቁ ገቡ። በሞተር ጀልባዎቹ የተያዘው ዓሣ በ1987 ዓመቱን ሙሉ 39 ቶን ነበር፤ በ1997 ግን 360 ቶን ደረሰ። በአሥር ዓመት ዘጠኝ እጥፍ መሆኑ ነው። እኔ ይህን ሥራ መጥፎ ነበር ብዬ አልጽፍም። የተጀመረው ራብ ባለበት ዘመን ለድኻው ምግብና ገንዘብ ለማስገኘት ነው፤ አጎቴም ቤታቸውን የሠሩት፥ ልጆቻቸውንም ያስተማሩት በናይለን መረብ ነው።

ጥፋቱን ለመረዳት በአንዱ መረብ ውስጥ የሚገቡትን ዓሣዎች አኗኗር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በጣና ለገበያ የሚጠመዱት ሦስት ወገን ናቸው፤ ቆሮሶ (በባዕድ ስሙ ቲላፒያ)፥ አምባዛና ባርበስ። ቆሮሶ ቶሎ ያድጋል፥ ከሐይቁ ሳይወጣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይራባል፤ እናቲቱም እንቍላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ጠላት ሲመጣ ሁሉም ተመልሰው በአፏ ይገባሉ። እንደዚህ ያለ ዓሣ ብዙ ቢጠመድም ቶሎ ይተካል። ባርበስ ግን እንዲህ አይደለም። ዕድሜው ረጅም ዕድገቱ ዝግ ያለ ሲሆን፥ ከዓይነቶቹ ብዙዎቹ እንቍላላቸውን በሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። በዓመት አንድ ጊዜ፥ ክረምት በበረታ ጊዜ፥ ከሰፊው ሐይቅ ሁሉ ተሰብስበው ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብ፥ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ አፍ ይመጣሉ። በዚያ ጥቂት ቈይተው ጎርፉን እየታገሉ ወደ ላይ ይወጡና ውኃው ጥሩ፥ መሬቱ ጠጠር በሆነበት ገባር ወንዝ እንቍላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የተፍኪዋ ቦይና የመስኮቱ መጋረጃ ትዝ አሉኝ።

የጣና ዓሣ አጥማጆችም እንደኛ ልጆች አይደሉምና ዓሣው መቼና የት እንደሚሰበሰብ ከኛ አብልጠው ያውቃሉ። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መረባቸውን ይዘው ወደ ወንዞቹ አፍ ይሄዳሉ። በ1990ዎቹ ዓመታት የተደረገው ምርምር እንዳሳየው፥ በዓመቱ ከሚያዘው ባርበስ ከእኩሌታ በላይ የሚሆነው በኦገስትና በሴፕቴምበር በወንዞች አፍ ላይ የተያዘ ነው። አንባቢ ሆይ፤ የዓመቱ ሥራ በሁለት ወር፥ የሰፊው ሐይቅ ዓሣ በጥቂት የወንዝ አፎች! የተያዙትም ሆዳቸው በእንቍላል የሞላ ናቸው። ውጤቱም ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የባርበስ ዓይነቶች ክብደታቸው ተመዝኖ ከመቶ 75 እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የታዳጊዎቹ ጕድለት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር፤ ይህም ዓሣው መጠመዱን ብቻ ሳይሆን አለመተካቱን ያሳያል። የወንዙን አፍ ያለፈውንም በላይ ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በወንዝ ላይ መበተን በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። ዓሣው መተንፈስ ተስኖት ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም ሳይለይ አብሮ ያልቃል። መረብ ቢያንስ ትንሹን ያሳልፋል፤ ብርብራ ግን ዓይን የለውም።

ስለ መረብ ዓይን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ዓይነቱ መረብ ዓሣውን የሚይዘው ጭንቅላቱ ገብቶ መተንፈሻው ላይ ሲታነቅ ነው። ስለዚህ ከዓይኑ ያነሰው ያልፋል፤ እጅግ የሚበልጠውም ጭንቅላቱን ማስገባት አይችልም። ትልልቁ ዓሣ ሲያልቅ አጥማጁ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ይገዛል፤ ያም ሲያልቅ ከዚያ የጠበበ። በዚህ ዘመን ሞኖፊላመንት የሚባል፥ ከአንድ ቀጭን የፕላስቲክ ክር የተሠራ፥ በውኃ ውስጥ የማይታይ ርካሽ መረብ ተስፋፍቷል። በዚህ የሚያዘው ዓሣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልድ የሚያዝ ነው። ሊቃውንት ከመጠን ያለፈ ማጥመድን በሁለት ይከፍሉታል፤ አንደኛው ዓሣው ሳያድግ መያዝ ነው፤ ሁለተኛው ወላጆቹን ከመጠን በላይ በመያዝ ዘሩ እንዳይተካ ማድረግ ነው። አንደኛው የሥጋ ኪሣራ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዘርን መብላት ነው። የተፍኪ ገበሬ በክፉ ዓመት እንኳ የዘሩን ጤፍ በጎታ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዘሩን የፈጨ ሰው በሐምሌ ምን እንደሚገጥመው ያውቃልና። ዓሣ አጥማጅ ግን ዘሩን ከእህሉ ለይቶ የሚያይበት ጎታ የለውም።

እዚህ ላይ «አጥማጁ ዓሣው እየቀነሰ መሄዱን እያየ ለምን አይተውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኔም መጀመሪያ ይህንኑ አስቤ ነበር። መልሱን በሒሳብ ባየው ተረዳሁት። አንድ ሐይቅ 1,000 ኪሎ ዓሣ አለው እንበል፤ በየዓመቱም ካለው ላይ ከመቶ 30 እጅ ይጨምር። በዓመት 300 ኪሎ ብቻ ብናወጣ ሐይቁ ለዘለዓለም 1,000 ኪሎ እንደ ያዘ ይኖራል። አሁን 300 በማውጣት ፈንታ 400 እናውጣ። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ 900 ይቀራል። የ900 ትርፍ 270 ነውና በሁለተኛው ዓመት 770፥ በሦስተኛው 601፥ በአራተኛው 381፥ በአምስተኛው 95 ኪሎ ይቀራል። ልብ በሉ፤ አምስቱን ዓመት ሁሉ ወደ ገበያ የወጣው ዓሣ ያው 400 ኪሎ ነው! በገበያ ያለ ሰው ምንም ለውጥ አላየም። በስድስተኛው ዓመት ግን ሐይቁን ጠርገን ብናወጣ 124 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በእውነተኛው ሐይቅ የዓሣው ዕድገት እንደ ምግቡና እንደ ስፍራው ይለዋወጣል፤ ሒሳቡም ከዚህ የረቀቀ ነው፤ የነገሩ መንገድ ግን ይኸው ነው።

ዓሣው ተበትኖ የሚኖር ቢሆን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት መረቡ እየሳሳ ስለሚመጣ አጥማጁ ይነቃ ነበር። እንደ ባርበስ በአንድ ስፍራ የሚሰበሰብ ዓሣ ግን ከ1,000 ወደ 381 ቢወርድም እነዚያ 381ዱ ኪሎ በዚያው ወር በዚያው የወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ። መረቡም እንደ ዱሮው ይሞላል። የመምህራችን ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይህ ነበር፤ ባልዲው የሞላው ዓሣው ስለበዛ ሳይሆን ስለተሰበሰበ ነው።

ይህ ነገር በድኻ አገርና በትንሽ ሐይቅ ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ካለ ወደ ሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ይመልከት። በዚያ፥ ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነችው በኒውፋውንድላንድ አጠገብ፥ ኮድ የሚባል ትልቅ የባሕር ዓሣ አለ። ጆን ካቦት የተባለው መርከበኛ በ1497 ወደዚያ ደርሶ በተመለሰ ጊዜ፥ ዓሣው ቅርጫት ወደ ባሕር አውርዶ እስከ መያዝ ድረስ የበዛ መሆኑ ተወራ። ከዚያ በኋላ አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሲጠመድ አላለቀም። አንዲት ኮድ በሚሊዮን የሚቈጠር እንቍላል ትጥላለችና ያልቃል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው። ታላቁ የእንግሊዝ ሊቅ ቶማስ ሐክስሊ በ1883 በለንደን ባደረገው ንግግር እንደ ኮድ ያለው ትልቅ የባሕር ዓሣ ሀብት በሰው ማጥመድ አያልቅም የሚል አሳብ ሰጥቶ ነበር። በእርሱ ዘመን በነበረው መረብና ሸራ ምናልባት ትክክል ነበረ።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን ትልልቅ መርከቦች መጡ። መረቡን ከባሕሩ ወለል ላይ ይጐትታሉ፤ ዓሣውን እዚያው ቈርጠው በማቀዝቀዣ ያስቀምጣሉ፤ በድምፅ ማስተጋቢያ መሣሪያም ዓሣው በጨለማ የተሰበሰበበትን ያገኛሉ። በ1968 ከዚህ የሰሜን ኮድ ከሚባለው ወገን ብቻ 800,000 ቶን ያህል ተያዘ። ከዚያ በኋላ ቍልቍል ወረደ። ካናዳ በ1977 የባሕር ክልሏን እስከ 200 ማይል አስፍታ የውጭዎቹን መርከቦች ብታስወጣም በነርሱ ፈንታ የራሷ መርከቦች ተተኩ። በዚህ ጊዜ በትንንሽ ጀልባ ከዳር የሚያጠምዱት ድኾች ዓሣው ቀነሰ፥ አነሰም ብለው ጮኹ። ዳሩ ግን ትልልቆቹ መርከቦች ዓሣው የሚሰበሰብበትን እየፈለጉ ስለሚይዙ መረባቸው ይሞላ ነበር። በግምቱም ውስጥ የዳር አጥማጆቹ ቃል ሳይሆን የመርከቦቹ ቍጥር በለጠ። በጁላይ ወር 1992 መንግሥቱ ማጥመዱን ከለከለ። 30,000 ያህል ሰዎች በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ፤ ብዙዎቹም አገራቸውን ለቀው ተሰደዱ። ክልከላው ለሁለት ዓመት የታሰበ ነበር፤ ለንግድ ማጥመድ እንደገና የተፈቀደው ግን ከ32 ዓመት በኋላ በ2024 ነው፤ በዚያ ዓመት የተፈቀደውም 18,000 ቶን ብቻ ነበር። ይህን ከ800,000 ጋር ያስተያዩት።

ለአጎቴ የኮድን ታሪክ በስልክ ባጫወትኋቸው ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያም ስለ መርከቦቹ ሳይሆን ስለ ዳር አጥማጆቹ ጠየቁኝ። «መንግሥታቸው ቀለብ ሰጥቷቸው ነበር?» አሉ። አዎን፥ ገንዘብ ይከፈላቸው፥ ሌላ ሙያም ይማሩ ነበር ብዬ መለስሁላቸው። «እንግዲያው ችለውታል» አሉ።

የዓሣ መጕደል ምክንያት ግን መረብ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። አብያታ ሐይቅን የገደለው መረብ ሳይሆን የውኃው መሸሽ ነው፤ ለሶዳ አሽ ሥራና ለመስኖ ውኃው ተወስዶ ሐይቁ ሲጐድል ጨውነቱ በረታና ዓሣው አለቀ፤ ይመገቡት የነበሩት ነጫጭ የውኃ ወፎችም ወደ ዝዋይ ለመሄድ ተገደዱ። በጣና ዙሪያም ደኑ ተመንጥሮ ጎርፉ ደለል ያመጣል፤ ከወንዞቹ አሸዋና ጠጠር ይዛቃል፤ ለመስኖ ውኃ ይጠለፋል፤ በ2011 የታየው እምቦጭም የሐይቁን ዳር ሸፍኗል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጠላቶች ናቸው። ነገር ግን ባርበስ የጐደለው እምቦጭ ከመታየቱ አሥር ዓመት አስቀድሞ ነውና አጎቴ እንዳሉት ሁሉን በእምቦጭ ማሳበብ አይቻልም።

ሕግም አለ። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ታዟል። ምርምሩም አልጠፋም፤ እንዲያውም ከደጃችን ነው። ብዙዎቻችን በሰበታ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስናልፍ የአገሪቱ የዓሣ ምርምር ማዕከል በዚያች ከተማ መኖሩን አናውቅም። ቆሮሶ በኩሬ ሊረባ እንደሚችል በዚያ ታይቷል። ባርበስን ግን በኩሬ አርብቶ የጣናን ያህል ማድረግ አይቻልም፤ ጎርፍና ጠጠር ያለው ወንዝ የሚሻ ፍጥረት ነውና። ለርሱ የሚሻለው በሚወልድበት ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ አለመዘርጋት ነው። ይህም ወጪ የሌለው ሥራ ይመስላል።

ወጪ የሌለው አለመሆኑን ያስረዱኝ አጎቴ ናቸው። ያነበብሁትን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ፥

«እንግዲያው አጎቴ፥ ሁለቱን ወር ከጉማራ አፍ ቢርቁስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሁለቱን ወር ልጆቼ ምን ይብሉ?» አሉኝ። «ነሐሴ ማለት እህል የሚወደድበት፥ ደብተር የሚገዛበት ወር ነው። የሚያበድረኝም ሰው ነሐሴን ቈጥሮ ነው የሚያበድረኝ።»

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው ግን ነገሩን አልተዉትም። በነሐሴ ደውለው፥ ዘንድሮ መረባቸውን ከወንዙ አፍ አንሥተው ቆሮሶ ወዳለበት ወደ ዳሩ እንዳዞሩ ነገሩኝ። ደስ ብሎኝ ሳመሰግናቸው አቋረጡኝ።

«ቈይ፥ አትቸኵል» አሉ። «እኔ ያነሣሁ ዕለት ማታ ሌላ ሰው በቦታዬ ዘረጋ። የኔን ዓሣ እሱ ያዘው፤ ዓሣው ምን ተጠቀመ?»

ይህ የጐረቤት ነገር በኛም ቦይ ደርሶ ያውቃል። ባለፈው ክረምት እኔና ጓደኞቼ መጋረጃችንን ትተን ዓሣዎቹ ወደ ላይ ሲያልፉ ቆመን አየናቸው። በማግሥቱ ከወዲያኛው ሰፈር የመጡ ልጆች የጆንያ መረብ ሠርተው በዚያው ቦይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ታናሽ ወንድሜ እንጣላቸው አለኝ። እኔ ግን አንዲት ዓሣ ለምኜ በምላጭ ከፈትሁላቸው። ሁለቱ ፍሬውን ለመቍጠር ተቀመጡ፤ አንዱ መረቡን ይዞ ወደ ሌላ ቦይ ሄደ።

አጎቴም ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ማንሣቱን ትተው በዓሣ አጥማጆች ማኅበራቸው ስብሰባ ላይ ነገሩን አንሥተዋል። ስድስት ሰዎች እሺ አሏቸው፤ የቀሩት ሣቁባቸው፤ አንዱም «የእኅትህ ልጅ ከተፍኪ ሆኖ ስለ ጣና ምን ያውቃል?» አለ አሉኝ። ስድስቱ በሚቀጥለው ነሐሴ አብረው ከጉማራ አፍ ሊነሡ፥ በተራም ሌሊቱን ሊጠብቁ ተነጋግረዋል። አጎቴ ለመስቀል ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ማን መረቡን እንዳነሣና ማን እንዳላነሣ ያን ጊዜ እጠይቃቸዋለሁ።